የጾም በያይነቱ እና ቢጫው ጀሪካን

«ምን ይመገባሉ?» አለችኝ ሐኪሟ የላቦራቶሪውን ወረቀት እያየች።

«አሁንማ ጾም ነው» አልኳት። የገና ጾም ከገባ ሰንብቷል። በኔ ቤት ይህ መልስ ነገሩን ይዘጋዋል። ጾም ነው ማለት ቅቤ የለም፣ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ታዲያ ኮሌስትሮል ከየት ይመጣል?

ቀና ብላ አየችኝ። «ቤት ነው የሚበሉት ወይስ ውጭ?»

«ምሳ ውጭ ነው። በያይነቱ።»

«እሱን ነው እኮ የምልዎት» አለችና መጻፏን ቀጠለች።

ሌላም ብዙ ነገረችኝ። መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ ከፍ ብሏል። የደም ግፊቴም ገና ባይለይለትም ጫፍ ላይ ነው። መድኃኒት አላዘዘችልኝም። አመጋገብ ማስተካከል፣ በእግር መሄድ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ መመርመር፤ በቃ። ከክሊኒኩ ስወጣ ግን ጆሮዬ ላይ የቀረችው ያቺ አንዲት ንግግር ናት። እሱን ነው እኮ የምልዎት። ክትፎ ቢሆን ይገባኛል። ዱለት ቢሆን፣ ጥብስ ቢሆን አልከራከርም። ጎመንና ምስር ምን አደረጉ? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የኔን ሆድ ላቦራቶሪ አወጣው።

ከቢሮው ጀርባ ያለችው ቤት

በያይነቱ ምን እንደሆነ ለናንተ አልተርክም። የምበላባትን ቤት ግን ላሳያችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ፣ ከቢሮዬ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ናት። ስም የላትም፤ ሁሉም ሰው «ማዘር ቤት» ነው የሚላት። ሐሙስ ቀን ብትሄዱ ዘና ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ረቡዕና ዓርብ ወንበር የለም። ጾም ሲገባማ የበላው ሰው እስኪነሳ ጀርባው ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ያኛውም እያወቀ ቀስ ብሎ ይበላል። የሚጾመው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሙስሊሙም ጴንጤውም ይመጣል፤ በዚህ ኑሮ ከዚህ የረከሰ የሚያጠግብ ምሳ የለም።

ትሪው ሲመጣ መሃሉ ላይ ሽሮ፣ ዙሪያውን ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማካሮኒ። ማካሮኒ እንጀራ ላይ ምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም፤ ቢቀር ግን ቅር ይለኛል። ከሁሉ የምወደው መጨረሻውን ነው። ወጡ አልቆ ከሥር ያለው እንጀራ ይቀራል፤ የሁሉንም ወጥ ጭማቂ ጠጥቶ፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ። እሱን ጠቅልዬ ሳልጎርስ አልነሳም።

ከዚያ እጅ መታጠብ ነው። ቧንቧው ጋ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ አለ፣ በውሃ የቀጠነ ሳሙና የተሞላ። አንዴ ጨመቅ አድርጎ መታጠብ አይበቃም። ሁለተኛ ይጨመቃል፣ አንዳንዴ ሦስተኛ። ጣቴ መሃል ያለው ነገር አልለቅ ይላል። ይህን ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ ምንድነው ብዬ አስቤበት አላውቅም ነበር።

ከሐኪሟ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋሌን ከሰስኩ። ቅዳሜ ማታ የምጠጣትን ቢራ ከሰስኩ። ዘር ነው አልኩ፤ አባቴም ግፊት ነበረበት። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ይኖረዋል። በያይነቱን ግን ማንም እንዲነካብኝ አልፈለግኩም።

ቢሮ ያደረው ምሳ

አንድ ቀን ስብሰባ ገባብኝና ምሳዬን በቴክአዌይ አስመጣሁ። ስብሰባው ሲረዝም ሳልበላው ቀረ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አደረ። የታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ ታውቃላችሁ። ጠዋት ልጥለው ስከፍተው ክክ አልጫው ዙሪያውን ነጣ ባለ ቢጫ ነገር ተከቧል። በማንኪያ ጫፍ ስነካው እንደ ሻማ ሰም ተሰንጥቆ ተነሳ። ጎመኑን ገለጥ አደረግኩት፤ ሥሩ እንደዚያው። ድንቹ ላይ ያለው ደግሞ ስስ ሆኖ ከክዳኑ ጋር ተጣብቋል። ከምስሩ ዙሪያ ያለው በርበሬ የነካው ስለሆነ ብርቱካንማ ነው፤ እሱም ረግቷል።

አጠገቤ የምትሠራው ልጅ አየችና «የሚረጋው ዘይት ነዋ» አለች። ምንም አልገረማትም። ማንንም አይገርምም። በአዲስ አበባ ዘይት ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚረጋውና ፈሳሹ። ፈሳሹ ለቻለ ነው። የሚረጋው በቢጫው ጀሪካን የሚመጣው፣ ሸማቾች ሱቅ ሰልፍ የምንሰለፍለት ነው።

የሚረጋው ፓልም ነው፤ በአብዛኛው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጣ። ከአንድ ሄክታር የፓልም ዛፍ የሚገኘው ዘይት ከየትኛውም የቅባት እህል ስለሚበልጥ በዓለም ላይ ከርካሾቹ ዘይቶች አንዱ እሱ ነው። እኛ ጋ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የዋጋ ተመን አውጥቶ ዘይት ከሱቅ ሲጠፋ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ጓዳችንን የያዘው ፓልም ነው። ባይኖር ብዙ ቤት ወጥ አይሠራም ነበርና በዘይቱ አልፈርድም። ኑግ የራሳችን ነው፤ ግን ንጹሕ የኑግ ዘይት ዛሬ የሚገዛው ማነው?

ያን ቀን ሥራ ትቼ ማንበብ ጀመርኩ። ብርድ ላይ የሚረጋው ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው የስብ ዓይነት ነው፤ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም በደንብ እንዳያጸዳ የሚያደርገው እሱ ነው። ከ100 ግራም የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ይሄ ስብ 11 ግራም ገደማ ነው። ከፓልም ዘይት ውስጥ ግን ወደ 50 ግራም ይጠጋል። ከዚያ ለማወዳደር ብዬ ቅቤን ፈለግኩ። የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም፤ 50 ግራም ገደማ።

ደግሜ አየሁት። ጾም ነው ብዬ የተውኩት ቅቤና በጾም ቀን የምበላው ዘይት በዚህ ሚዛን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ንጥር ቅቤ ውሃው ስለወጣለት ይበልጣል፤ እሺ። ግን ክትፎ የምበላው ስንቴ ነው? የማንኛውም ቤት ክትፎ ዋጋ ራሱ ይጠብቀኛል። ከበያይነቱ ግን የሚጠብቀኝ የለም። የአጽዋማቱን ቀን ብትደምሩት፣ ሁዳዴ 55፣ የነቢያት ከ40 በላይ፣ ፍልሰታ፣ የሐዋርያት፣ ነነዌ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ለምእመኑ በዓመት 180 ቀን አካባቢ ይመጣል። የዓመቱ ግማሽ ምሳ ማለት ነው።

ሒሳብ እንሥራ ካልን ደግሞ ይኸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ነው። ከትሪው ላይ ካሉት ወጦች አምስቱ ብቻ እያንዳንዳቸው አንድ ማንኪያ ዘይት ይያዙ እንበል። 70 ግራም ዘይት ሆነ፤ ከ600 ካሎሪ በላይ፣ እንጀራው ሳይቆጠር። ፓልም ከሆነ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ግራሙ ሳቹሬትድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ አይለፍ የሚለው ነው ይሄ፤ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም መሆኑ ነው። ቁርስና እራት ሳይነካ በምሳ ብቻ ታለፈ ማለት ነው። አንድ ማንኪያ ያልኩት ደግሞ ለማዘር ቤት አዝኜ ነው።

ማዘር ጓዳ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ማዘርን አስፈቀድኳቸው። አንድ ጠዋት ጓዳ ገብቼ ሲሠሩ ልይ አልኩ። «ምን ልታይ? ጭስ?» አሉኝ። ግን አልከለከሉኝም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ሁለት ልጆች ሽንኩርት ልጠው እየከተፉ ነው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ሦስት ትልልቅ ብረት ድስት ተጥዷል።

እናቴ ወጥ ስትሠራ ሽንኩርቱን ደረቁን ነው ድስት ውስጥ የምትጨምረው። ዘይት የለም። ታማስላለች፤ ሊይዝባት ሲል ውሃ ጠብ ታደርግበታለች፤ እንደገና ታማስላለች። ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ እየበሰለ ይወርዳል፣ ይጠቁራል። በርበሬው ይከተላል፣ ዘይት የሚመጣው ከዚያ ነው፤ እሱም በጭልፋ ጫፍ። ወጥ እንዲህ ነው የሚሠራው ብዬ ነው ያደግኩት።

ማዘር ግን መጀመሪያ ያነሱት ጆጉን ነው። ቢጫውን ጀሪካን አጋድለው ጆጉን ሞሉትና ባዶ ድስት ላይ ገለበጡት። ከዚያ ሽንኩርቱ ገባ። ተንጫጫ። አንዱን ድስት ለእሳቱ ትተው ወደ ሁለተኛው ዞሩ፤ ሌላ ጆግ።

«ማዘር፣ ደረቁን አያቁላሉትም እንዴ?»

«ማን ቆሞ ያማስለዋል?» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «ደረቅ ቁሌት ዓይን ይፈልጋል። ዞር ካልክ ያርርብሃል። ይሄ ትተኸው ብትሄድ ራሱ ይበስላል። እኔ ደግሞ ሦስት ድስት አለኝ፣ ሁለት ልጅ አለኝ፣ እስከ ስድስት ሰዓት መድረስ አለበት።»

ጠይቄ አላበቃሁም። ሲመልሱልኝም ሥራቸውን አልተዉም። ሽንኩርት ሲወደድ፣ አሉኝ፣ ወጡን የሚያበዛው ዘይት ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ቀንሰህ ዘይት ብትጨምር ማንም አያውቅብህም፤ ዘይት ብትቀንስ ግን ሁሉም ያውቅብሃል። ከዚያ ደግሞ ወጡ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሳት ጥግ ይቀመጣል። ዘይት ካለው አይደርቅም፣ ሥሩን አይዝም። የተረፈውም ላዩን ዘይት ስለሚሸፍነው ቶሎ አይበላሽም። ፍሪጅ የለኝም፣ ዘይት ነው ፍሪጄ፣ ብለው ሳቁ።

«ደግሞ እናንተ ናችሁ» አሉ። «ዘይት ያልወጣበት ወጥ ሳቀርብ ውሃ ነው ትሉኛላችሁ። አንዱ ትሪውን መልሶ ሄዷል። ከፍሎ ነው እንዳትል፤ ሳይከፍል ነው የሄደው።»

ከዚያ ቁሌቱ ላይ በርበሬውን በተኑት። ሽታው ተነሳ። አምስት ሰዓት ላይ በቢሮው መስኮት ገብቶ ሥራ የሚያስፈታን ያ ሽታ ነው። በርበሬው ዘይቱን ሲያገኝ ቀለሙን ለቀቀ፤ ድስቱ ጥቁር ቀይ ሆነ፣ ጠርዙ ላይ አብረቀረቀ። በርበሬ ቀለሙም ማቃጠሉም በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ለዚያ ነው ዘይቱ ሲበዛ ወጡ ምላስ ላይ የሚቆየው። ማዘር ጆጉን እንደገና አነሱና ድስቱ ላይ ያዝ አድርገው አዩኝ። «ይሄን ልቀንስልህ?»

ምራቄን እየዋጥኩ ነበር። ጾሜን ነኝ፣ ቁርስ አልበላሁም፣ ቁሌቱ አፍንጫዬ ሥር ነው። ያኔ ነው የገባኝ። ምስሩን ብቻ ቀቅለው ቢሰጡኝ ያን ያህል አልወደውም ነበር። ጎመኑንም እንደዚያው። ከመስኮት የሚጠራኝ ዘይቱ ነው። ትሪው ሲያልቅ ከሥር የምጠቀልለው እንጀራ የጠጣው እሱን ነው። ቧንቧው ጋ አልለቅ የሚለኝም እሱ ነው። ማዘር የምወደውን አውቀው ለዓመታት ሲሰጡኝ ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ አትክልት እየበላሁ ነው ብዬ እነሳለሁ።

«ለዛሬ እንደለመዱት ያድርጉት» አልኳቸው። ገለበጡት።

ከኮሌስትሮል ነፃ

ጓዳው ጥግ ላይ ጀሪካኑን አገላብጬ አየሁት። የልብ ሥዕል አለበት። ከጎኑ በትልቁ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ይላል። ውሸት አይደለም። ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ውስጥ ነው፤ ከተክል የተጨመቀ ዘይት በሙሉ ከኮሌስትሮል ነፃ ነው ቢባል ያስኬዳል። ውሃም ከኮሌስትሮል ነፃ ነው። ጽሑፉ የማይናገረው ሌላውን ነው። ደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ሰውነት ነው፤ በተለይም ጉበት። ጀሪካኑ ኮሌስትሮል አልያዘም፤ በደም ውስጥ ኤልዲኤል ከፍ የሚያደርገውን ስብ ግን ይዟል። ሐኪሟ ፊት «ጾም ነው» ያልኩት እኮ ይሄንኑ የጀሪካን ጽሑፍ መድገሜ ነው።

ጨውንም ሳላነሳ አላልፍም፤ ለግፊቱ ከዘይቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ እሱ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም ሲፈጭ ገብቶበታል። ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፤ ብዙ ቤት ደግሞ በላዩ ላይ ያቺ በወረቀት የተጠቀለለች ማጣፈጫ ትፈረፈርበታለች፤ እሷም አብዛኛዋ ጨው ናት። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው እንደሚበላ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ለጥ ያለች አንዲት የሻይ ማንኪያ። የማዘርን እጅ ያየ ሰው 8.3 የሚለው ቁጥር አይገርመውም። በእፍኝ ነው የሚወረውሩት፤ ቀምሰው ደግሞ ይደግሙታል።

ምስሩን ግን አልማም። ምስር፣ ክክ፣ ሽንብራ፣ ጎመን፣ ጤፍ፤ ከዚህ የተሻለ ምግብ ከየትም አይመጣም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እኅቴ ፈረንጅ የሥራ ጓደኞቿ ቪገን ነን እያሉ የሐበሻ ምግብ ቤት እንደሚጎትቷት ትነግረኛለች። ጤናማ ነው ብለው ነው አሉ። እህሉን ብቻ ካዩት ልክ ናቸው።

ቅቤው ወጣ፣ ዘይቱ ገባ

ይህን ሁሉ ለአንድ ዲያቆን ጓደኛዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ ጾምን በካሎሪ ልትለካው ነው?» አለኝ። ጾም ለነፍስ ነው፣ ለኮሌስትሮል አልተሠራም አለ። ትክክል ነው፤ አልተከራከርኩትም። ትንሽ ቆይቶ ግን ራሱ ያነሳው ነገር ከሁሉም በላይ አሳሰበኝ። «ለመሆኑ እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾመው?» አለኝ። እንግዲህ ስድስት ሰዓት ላይ ማዘር ቤት ወንበር ይዣለሁ፤ ዝም አልኩ። «አየህ» አለኝ፣ «ድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይና ከዚያ የሚበላው ቆሎ ነው፣ ንፍሮ ነው፣ ቢበዛ ሽሮ ነው። መቀነስ ነበር። አሁን መቀየር ሆኗል።»

አያቴን አስታወስኩ። አያቴ ቤት ዘይት በጠርሙስ ነበር የሚቀመጠው፤ እሱም ለእንግዳ። ጾም ሲሆን ሱፍ ትወቅጣለች፣ በውሃ አሽታ ታጠላለች፤ ነጭ ወተት የመሰለ ይወጣል፤ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ተልባ ይቆላል፣ ይወቀጣል። ኑግም እንዲሁ። ቅባት ነበረው፤ ግን ከፍሬው ጋር፣ ከነገለባው፣ በልክ። ስለ ጤና አስባ አይደለም። ስለሌላት ነው። ጠርሙሷ ቶሎ እንዳታልቅ ነበር ጭንቀቷ። የድሮ ሰው ብልህ ነበር የሚለው ወግ ውስጥ ልገባ አልፈልግም፤ አያቴ ቢጫ ጀሪካን ቢሰጧት በእልልታ ነበር የምትቀበለው።

ዛሬ ጾም ሲገባ የከተማውን ምግብ ቤት ዞር ብላችሁ እዩ። የጾም ፒዛ አለ። የጾም በርገር አለ። የጾም ኬክ፣ የጾም ክሬም፣ የጾም አይስክሬም። መንገድ ዳር ሳምቡሳና ድንች ጥብስ አለ፤ ዘይቱ ከጠዋት እስከ ማታ እየተሞቀ ቡና መስሎ ጠቁሯል። ከፍስኩ የወጣው አንድ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ቅቤው ወጥቶ ዘይት ገባበት እንጂ። ዲያቆኑ መቀየር ያለው ይሄንን ነው። የኔም በያይነቱ ከዚሁ ወገን መሆኗ ነው ያበሳጨኝ። እሷን ከፒዛው ለይቼ፣ የእናት ጓዳ አድርጌ ነበር የማያት።

ትንሿ ድስት

ማዘርን ለምኛቸው አንድ ቀን በትንሽ ድስት ደረቅ ቁሌት ሠሩ። ልጆቹ እየተፈራረቁ አማሰሉት፤ እያጉረመረሙ። ዘይቱ በጭልፋ ገባ፣ ከፈሳሹ። ቀርቦ ስበላው መጀመሪያ ባዶ ባዶ አለኝ። የሆነ ነገር ጎድሎታል እያልኩ ነው የጨረስኩት። በሌላ ቀን ስበላው ምስሩ ምስር ምስር አለኝ። የሽንኩርቱ ጣፋጭነት ይመጣል፤ በዘይቱ ጊዜ አልነበረም። እጄንም አንዴ ታጥቤ ተነሳሁ። ግን ከትልቁ ድስት የተሻለ ነው ብላችሁ እንድታምኑኝ አልፈልግም። አይሻልም። ያኛው ይጣፍጣል።

የገረመኝ ሌላው ነው። እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ከጎኔ ተቀምጠው ትሪዬን አዩና «ይሄ ከየት ነው?» አሉ። ስኳር አለባቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ከባንኩ አንዲት ሴትዮ መጣች፤ እሷ ግፊት ነው። ማዘር «የሐኪም ድስት» ብለው ሰየሙት። ሁዳዴ ሲገባ የሐኪም ድስት ጠያቂው በዝቶ ድስቲቱ በመጠን አደገች።

ሐኪሟ ጋ ተመልሼ ነበር። ቁጥሩ ወረድ ብሏል። ከዘይቱ ይሁን ከእግር ጉዞው እሷም አልለየችውም። ዓርብ ዓርብ ግን ከትልቁ ድስት ነው የምበላው፤ ይህን አልነገርኳትም።

ታዲያ ማዘር ለሐኪም ድስት አሥር ብር ጨመሩበት። ተቃወምኩ። «ዘይት ቀንሰው ዋጋ ይጨምራሉ እንዴ?»

«ሽንኩርቱን ማን ይክፈለው?» አሉኝ። «ለዚህ ድስት እጥፍ ነው የሚገባው። ቆማ የምታማስለው ልጅስ? ፈሳሹ ዘይትስ በስንት እንደሚገዛ ታውቃለህ?» በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱኝ። ሒሳቡ ልክ ነው። አሥር ብሩን እየከፈልኩ ነው። ችግሩ ቶሎ ያልቃል። ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ የደረሰ ሰው ግፊት ይኑርበት ስኳር የሚበላው ከትልቁ ድስት ነው።